ቅኔህን ጨርስ ወይስ ማስተርስህን ጀምር?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ትምህርት ናቸው። ከባሕር ዳርና ከዙሪያዋ የደረሱን አራቱ ደግሞ አንድ ጉዳይ ነው የሚያነሡት፤ ነገረ መለኮትንና አገልግሎትን አጣምሮ በማስተርስ ደረጃ መማር። ስማችን ይቅር ስላላችሁ አልጻፍነውም። ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። የሌሎቹም መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዲያቆን ነኝ፣ ዕድሜዬ 27 ነው፣ የምኖረው ባሕር ዳር። ፖሊ ግቢ ሲቪል ምሕንድስና ተምሬ አሁን በሙያዬ እየሠራሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ነበርኩ፣ ሳልጨርስ ወጣሁ። እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አሁን ሥራዬን ትቼ ነገረ መለኮት መማር ፈልጌያለሁ። አሜሪካ ውስጥ የነገረ መለኮት ማስተርስና የአገልግሎት ማስተርስ አንድ ላይ የሚሰጥበት ትምህርት እንዳለ አይቻለሁ። የቅኔ መምህሬ “ይልቅ የጀመርከውን ጨርስ” ይሉኛል። ጓደኞቼ “ዕድሉን ካገኘህ ሂድ” ይላሉ። እጮኛም አለችኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ዲያቆን ወንድሜ፣ መምህርህም ጓደኞችህም እውነት አላቸው። የሚለያዩት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የእኔን ሐሳብ ከፊት ላስቀምጠው፦ ቅኔህን ጨርስ፣ ማስተርሱን እዚሁ አገር ጀምር፣ ወደ ውጭ የምትሄድ ከሆነም ከዚያ በኋላ ሂድ። የትም ብትማር ግን የዲግሪውን ብዛት አትይ። አገልግሎቱን ማን ነው የሚያስተምርህ? የት ነው የምትለማመደው? ስትሳሳት ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚያርምህ? እሱን ነው መጠየቅ ያለብህ።

ነገሩ ምን እንደሆነ እንነጋገር፣ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ ይዘቱን አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሚሰጠው ዋናው የድኅረ ምረቃ ዲግሪ ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ ይባላል፣ በአጭሩ ኤምዲቭ። የሰሜን አሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው ማኅበር፣ ኤቲኤስ የሚሉት፣ ለኤምዲቭ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 72 ክሬዲት ነው። ሙሉ ጊዜውን ለሚማር ሰው ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። መጽሐፍ ቅዱስ አለበት፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አለበት፣ ነገረ ክርስቶስና ሥርዓተ አምልኮ አለበት። ከዚያ ጋር ስብከት፣ ምክር፣ ሕሙማንን መጠየቅና ደብር ማስተዳደር ይማራሉ። የነገረ መለኮት ኤምኤ የሚባለው ደግሞ የጥናት ዲግሪ ነው። ክሬዲቱ ያንሳል፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት ያልቃል፣ ትኩረቱ ንባብና ጽሑፍ ላይ ነው። ጥምር የሚባለው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስኬዱ ነው። አንዳንድ ኮርሶች ለሁለቱም ስለሚቆጠሩ አምስት ዓመት ይፈጅ የነበረው ወደ አራት ይወርዳል።

ሲሰሙት ትርፍ ይመስላል። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲታጨቅ ቀድሞ የሚሳሳው የአገልግሎቱ ክፍል ነው። ለመጻሕፍቱ ክፍል መምህር አለ፣ ፈተና አለ፣ ውጤት አለ። አገልግሎቱ ግን “አንድ ደብር ሄደህ አገልግል፣ ከዚያ ደብዳቤ አምጣ” ተብሎ ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሁለት ዲግሪ ትይዛለህ፣ የተማርከው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ጠንካራ ሥልጠና ምን እንደሚመስል ላሳይህ። ክሊኒካል ፓስቶራል ኤዱኬሽን የሚባል አለ፣ ሲፒኢ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ አንዱ ዙር 400 ሰዓት ነው። ተማሪው ሕሙማንን ይጠይቃል። ከዚያ የተነጋገሩትን “እሱ እንዲህ አለኝ፣ እኔ እንዲህ መለስኩለት” እያለ፣ የታማሚውን ማንነት ሳይገልጽ ይጽፋል። የጻፈውን በጓደኞቹና በአሠልጣኙ ፊት ያነባል። እዚህ ጋ ለምን ቸኮልክ? ሰውየው ስለ ልጁ ሲያነሣ ለምን ወሬ ቀየርክ? ያን ጸሎት ያመጣኸው እሱ ፈልጎት ነው ወይስ አንተ መውጫ ጠፍቶህ? እንዲህ ብለው ይጠይቁታል። ከባድ ነው፣ ሰው ፊት ራስን መመርመር ስለሆነ። ግን አገልጋይ የሚቀረጸው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

አሁን ያለንበትን ከተማ ተመልከት። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ከገጠር ታማሚ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስንት ችግር ተሸክመው ነው የሚመጡት። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ልጁን ያጣ፣ ቤቱን ጥሎ የመጣ፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት ወጣት በየደብሩ አለ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ሐኪም ጋ አይደለም፣ ንስሐ አባታቸው ጋ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንተ ጋ ነው የሚመጡት። ልጇን የቀበረች እናት “ለምን?” ስትልህ የአንድምታውን ሐተታ መዘርዘር አያዋጣም። አጠገቧ ዝም ብሎ መቀመጥም ትምህርት ይፈልጋል። መቼ መናገር፣ መቼ ማዳመጥ፣ መቼ ደግሞ “ይሄ ከእኔ በላይ ነው፣ ሐኪም ይያት” ማለት እንዳለብህ ካላወቅህ ሰው ትጎዳለህ። ታማሚው ጸበሉንም መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ እንዲይዝ አድርጎ የሚመክር አገልጋይ በጣም፣ በጣም ነው የሚያስፈልገን። ትምህርተ ኖሎት፣ የእረኝነት ትምህርት ብለን በመጽሐፍ የምናውቀውን በሥራ የሚያለማምድ ቦታ ግን እኛ ዘንድ ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍላጎትህ ትክክል ነው፣ አትፈርበት።

ወደ መምህርህ ምክር ልምጣ። ቅኔ ቤት ትምህርቱና አገልግሎቱ አልተለያዩም። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ይጀምራል፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ይላል፣ እያደገ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ይደርሳል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ አይሆንም። አዲስ ያስባል፣ መምህሩ ፊት ይቆማል፣ ይታረማል፣ እንደገና ያስባል። ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምራል። በዓል ሲደርስ ማኅሌት ይቆማል። ምግቡን ቁራሽ ለምኖ ከሕዝቡ ነው የሚያገኘው፣ ነገ የሚያገለግለውን ሕዝብ ዛሬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያውቀዋል። አንተ ይህን ጀምረህ አቋርጠሃል። ሌላ ማንም ሴሚናሪ ይህን አይሰጥህም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ግእዝህን ሳታጠነክር ውጭ ብትሄድ የራስህን አባቶች በእንግሊዝኛ ትርጉም ልታነብ ነው፣ ያሳዝናል። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተገኙት በግእዝ ነው። ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ውስጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም አለው፣ ብዙዎቹም ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። ምስሉ አለ፣ አንባቢው ነው ያነሰው። የግእዙን ሰዋስው፣ አገባቡን ጨርሶ፣ ቅኔውን ተቀኝቶ፣ ቢቻል ከአራቱ ጉባኤያት፣ ከመጻሕፍት ትርጓሜ ቤቶቹ፣ ከብሉይ ወይም ከሐዲሱ ቀምሶ የሄደ ሰው እዚያ ሲደርስ የሚማር ብቻ ሳይሆን የሚያስተምርም ይሆናል። የሚወስደው ጊዜ እንደ ተማሪው ይለያያል እንጂ አንተ ከጀመርክበት ለመቀጠል ዕድሜህ ገና ነው።

እዚህ አገር የት? አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አለ። በደርግ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ እንደገና የተከፈተ ነው፣ በማስተርስ ደረጃም ያስተምራል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ፣ መቀሌ ደግሞ በከሣቴ ብርሃን ሰላማ ስም የተሰየመው ኮሌጅ አሉ። የመጀመሪያ ዲግሪህ ምሕንድስና ስለሆነ በቀጥታ ማስተርስ ያስገቡሃል ወይስ መጀመሪያ የነገረ መለኮት ኮርሶች ያስወስዱሃል፣ ይህን ሥራህን ሳትለቅ ሬጅስትራር ጠይቅና በጽሑፍ ያዝ። ዲግሪውን ነገ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ፣ ለምሳሌ መንግሥት መሥሪያ ቤት ልትጠቀምበት ካሰብክም እንዴት እንደሚታይ አብረህ ጠይቅ።

“ጥምር የሚባል ካላገኘሁስ?” ካልክ ራስህ አጣምረው። ከንስሐ አባትህ ወይም ከደብርህ አስተዳዳሪ ጋር ተነጋገር። በሳምንት አንድ ቀን ሆስፒታል ወይም ሐዘን ቤት ሂድ። የሆነውን ጻፍ፣ የሰዎቹን ምሥጢር ጠብቅ። በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ልምድ ያላቸው ካህን ጋ ተቀመጥና ያደረግከውን ይጠይቁህ፣ ያርሙህ። ይህን ለመጀመር ቪዛ አያስፈልግም፣ በሚመጣው እሑድ መጀመር ትችላለህ። አንድ ዓመት ከሠራኸው በኋላ የትኛውን ዲግሪ እንደምትፈልግ ከእኔ በተሻለ ታውቃለህ።

ውጭ የመሄዱ ነገር ከመጣ ደግሞ እነዚህን ያዝ። ኒውዮርክ አቅራቢያ ዮንከርስ ያለው ቅዱስ ቭላድሚር ሴሚናሪ የምሥራቅ ኦርቶዶክሶች ነው፣ ነገር ግን የእኛ እኅት አብያተ ክርስቲያናት ልጆች፣ አርመኖች፣ ሕንዶች፣ ግብጾች ይማሩበታል። እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ከተለያየን ወዲህ ከምሥራቅ ኦርቶዶክሶቹ ጋር በቁርባን አንድ አይደለንም። ስለዚህ ሳትሄድ ሀገረ ስብከትህን አማክር፣ እዚያ የት እንደምትቆርብ፣ የትኛው የኢትዮጵያ ደብር ውስጥ እንደምታገለግል አውቀህ ሂድ። ልምምድህንም እዚያ ደብር እንድታደርግ ሴሚናሪውን ጠይቅ። በክረምት ባሕር ዳር መጥተህ የምትሠራው ቢቆጠርልህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

እጮኛህን በተመለከተ በግልጽ ልንገርህ። በተማሪ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ መሥራት አይፈቀድለትም። ግቢ ውስጥም ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። በሚስትነት አብራህ የምትሄደዋ ደግሞ በዚያ ቪዛ ተቀጥራ መሥራት አትችልም። አራት ዓመት ማለት ነው። ቅስና የምታስብ ከሆነ ደግሞ ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፣ ጋብቻው በድቁና ላይ ነው፣ ከቅስና በኋላ የለም። ስለዚህ “ተምሬ ልምጣና እናስብበታለን” የሚባል ነገር አይደለም። እሷም የራሷ ሥራና የራሷ ሐሳብ አላት። ማመልከቻውን ከመሙላትህ በፊት ከእሷ ጋር ቁጭ በል፣ አዎ ወይም አይሆንም ለማለት ሙሉ መብት እንዳላት አውቀህ።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የሀገረ ስብከት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና እንደ ቶፍል ያለ። ወጪ መጋራትህን ካልከፈልክ ትራንስክሪፕቱ ላይ ትያዛለህ፣ አሁን ደመወዝ እያለህ ጨርሰው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሴት ነኝ፣ 31 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር በሒሳብ ባለሙያነት እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ነኝ፣ አሁን ሕፃናት ክፍል አስተምራለሁ። ነገረ መለኮት በማስተርስ ደረጃ መማር እፈልጋለሁ፣ በተለይ አገልግሎት ያለበትን። ሰው ሁሉ ግን “ቄስ አትሆኚ፣ ምን ልታደርጊበት ነው?” ይለኛል። እውነት ምንም አላደርግበትም?

መልስ፦ እኅቴ፣ “ምን ልታደርጊበት ነው” የሚሉሽ ሰዎች የሚኖሩበትን ሐይቅ ታሪክ ዘንግተውታል። ጣና ዙሪያ በ17ኛው መቶ ዓመት ወለተ ጴጥሮስ የምትባል እናት ነበረች። ንጉሡ ሱስንዮስ ሃይማኖት ሲለውጥ አልቀበልም ብላ የተሰደደች፣ ወንዱንም ሴቱንም ሰብስባ ማኅበር የመሠረተችና የመራች። ገድሏ የተጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 ነው። ካህን አልነበረችም። አገልግሎቷን ግን ማንም አልካደም። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠራችውም እቴጌ ምንትዋብ ናት።

ይህን ካልኩ በኋላ እውነቱን ልንገርሽ። ነገረ መለኮት ለተማረች ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ ጥቂት ነው። ይህ እንዲለወጥ እፈልጋለሁ። በየደብሩ ሕፃናት ክፍል የሚያስተምሩት አብዛኞቹ እንዳንቺ ያሉ እኅቶች ናቸው፣ ያለ ክፍያና ያለ ሥልጠና። እስኪለወጥ ድረስ ግን የቤት ኪራይሽን በተስፋ ላይ አትጣይው። ሒሳቡን አትልቀቂ። የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ፈልጊ፣ ካልሆነም በክረምት የሚሰጥ ጠይቂ። የሒሳብ ሙያሽም ቢሆን ራሱ አገልግሎት ነው፣ የደብራቸው ገቢና ወጪ በግልጽ ተጽፎ ማየት የሚናፍቅ ምእመን ብዙ ነው።

የቱን ልማር ካልሽኝ፣ አንቺ ልጆች ጋ ስለሆንሽ ምርጫሽን ከእነሱ ተነሥተሽ አድርጊው። ልጅ በየትኛው ዕድሜው ምን ይገባዋል? አባቱን ያጣ ልጅ እግዚአብሔር አባት ነው ሲባል ምን ይሰማዋል? ሰው የጎዳው፣ የፈራ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ቢኖር እንዴት ታውቂያለሽ፣ ለማንስ ትነግሪያለሽ? የትምህርት ዝርዝሩን ስታዪ እንዲህ ላሉ ጥያቄዎች ቦታ የሰጠውን ምረጪ። ኮርስ ቢጎድለው እንኳ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚህ ላይ መሥራት ትችያለሽ፣ መረጃውም እጅሽ ላይ ነው።

ጽሑፍሽን በጣና ገዳማት ቅርስ ላይ ለመሥራት ካሰብሽ አስቀድመሽ የምታውቂውን ነገር ላስታውስሽ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ስለዚህ አማካሪሽ ከባሕር ዳር የማይተዋወቅ ከሆነ እዚያ ያለ መጽሐፍ ላይ ርዕስ እንዳያስይዝሽ። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አሉ፣ ናርጋም አለ። የዑራ ሥዕሎች ብቻቸውን ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ናቸው። ግድግዳው ራሱ ማንበብ ለማይችል ሕዝብ ትምህርት ሆኖ የኖረ ነው፣ ሕፃናትን በሥዕል ስለ ማስተማር ለምትጽፍ ሴት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከገዳሙ አባቶች ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፣ ፎቶ ለማንሣትም ለብቻው ጠይቂ።

ዝንባሌሽ ከልጆቹ ይልቅ ወደ ብራና መጻሕፍቱ እያየለ ከመጣ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ፣ ማለትም የጥንት ጽሑፎች ጥናት ትምህርት አለ። እዚያ ለመግባት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋት የሚባለውን፣ ማለፍ ይጠበቅብሻል። ግን ይህ አገልግሎት የለበትም፣ የጥናት ዲግሪ ነው። ደብዳቤሽን ሳነበው ልብሽ ልጆቹ ጋ ነው ያለው። ተሳስቼ ከሆነ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ መጋቢ ነኝ፣ ባሕር ዳር በአንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ ላለፉት ዓመታት አገልግያለሁ። ቤተሰብና ጉባኤ ትቼ አዲስ አበባ ልቀመጥ አልችልም። በኦንላይን ጥምር ማስተርስ ልማር አስቤ ነበር። ያዋጣል?

መልስ፦ መጋቢ፣ እኔ ከእርስዎ ቤተ ክርስቲያን አይደለሁም፣ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው። የእርስዎ ሁኔታ ከዲያቆኑ በአንድ ነገር ይሻላል፤ የአገልግሎቱ ቦታ እጅዎ ላይ አለ። የጎደለው የሚያይዎት ሰው ነው። ስለዚህ የሚመዘገቡበት ትምህርት ቤት እዚሁ ጉባኤዎ ውስጥ የሚሠሩትን ሥራ እንደ ልምምድ ይቆጥር እንደሆነና ተከታታይ መምህር ይመድብ እንደሆነ ይጠይቁ።

ኦንላይን ብቻ የሆነውን አልመክርም። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እርስዎም አልረሱትም። ፈተናዎ የሚውልበትን ሳምንት ማንም አይመርጥልዎትም። የሚሻለው በዓመት ጥቂት ጊዜ ለአንድ ሁለት ሳምንት ሄደው የሚማሩበት፣ ቀሪውን ንባብና ጽሑፍ ቤትዎ ሆነው የሚሠሩበት ነው። አዲስ አበባ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪና በአጭሩ ኢጂኤስቲ የሚባለው የድኅረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አሉ፣ እንዲህ ያለ አሠራር አላቸው ወይ ብለው ይጠይቋቸው። መንገዱ አስተማማኝ በማይሆንበት ጊዜ የአውሮፕላኑን ትኬት ከወጪው ጋር አብረው ያስሉት።

ከውጭ አገር “በስድስት ወር ማስተርስ” እያለ በቴሌግራም ለሚመጣ ማስታወቂያ ገንዘብ አይላኩ። ማን እንደመዘነው ይጠይቁ። በአፍሪካ የወንጌላውያን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝን አክቲያ የሚባል አካል አለ፣ ትምህርት ቤቱ እዚያ ይታወቅ እንደሆነ ማጣራት ይችላሉ። ዓመታት ያገለገሉ ስለሆነ ወደፊት ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ የሚባለውም ለእርስዎ ዓይነት ሰው የተዘጋጀ ነው፣ ግን ከበታቹ የሚጠየቀው ማስተርስ የታወቀ መሆን አለበት። ዛሬ በርካሽ የተገዛ ወረቀት ያን በር ይዘጋብዎታል።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር የምኖር እናት ነኝ። ደብዳቤውን የጻፈችልኝ ታናሽ ልጄ ናት። ትልቁ ልጄ ባንክ ይሠራል፣ 29 ዓመቱ ነው። አሁን ሥራዬን ለቅቄ መንፈሳዊ ትምህርት ልማር ነው ብሎ ተነሣ። ጎረቤቶቼ “ተምሮ ተምሮ ደብተራ ሊሆን ነው” ይሉኛል። እግዚአብሔርን ማገልገሉን አልጠላሁም። ግን የቤቱ ኪራይ የሚከፈለው በእሱ ደመወዝ ነው። ልከልክለው?

መልስ፦ እናቴ፣ የጎረቤቶቹን ይተዉት። ሊቃውንቱ ባይኖሩ እኛ ዛሬ የምናነበው መጽሐፍ አይኖርም ነበር። የእርስዎ ስጋት ግን የኪራይ ስጋት ነው፣ እሱ ደግሞ እውነተኛ ነው። እምነት ያነሰዎት አድርጎ የሚያይዎት ካለ ተሳስቷል።

አይከልክሉት። አልቅሰው ቢያስቀሩት ባንክ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ልቡ አይቀመጥም። ግን ይጠይቁት፣ የመጠየቅ መብት አለዎት። የንስሐ አባትህ ምን አሉ? ይበሉት። ካልነገራቸው መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይሂድ፣ ከቻሉም ቤት ጠርተዋቸው ቡና እየጠጡ ሦስታችሁ ተነጋገሩ። ቀጥሎ፣ አሁን የት ነው የምታገለግለው? ይበሉት። ልጅዎ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ጉባኤ ውስጥ እየሠራ ከሆነ ነገሩ ሥር አለው። የትም ሳያገለግል በድንገት የመጣበት ከሆነ፣ ወይም ሥራ ቦታው ላይ ከሰው ጋር ተጋጭቶ መውጫ እየፈለገ ከሆነ አንድ ዓመት ያገልግል። ይህን ከእናት በላይ የሚያውቅ የለም፣ ፊቱን ያዩታል።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያውጡ፣ ታናሿ ትጻፍ። ኪራዩ በወር ስንት ነው፣ የእሷ ትምህርት ቤት ስንት ነው፣ የኮሌጁ ክፍያና የአዲስ አበባ ማደሪያው ስንት ነው፣ ማን ምኑን ይከፍላል። ብዙ ወንድም ይህን ሒሳብ ሳይሠራ ይሄድና በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱንም ቤተሰቡንም አጥቶ ይመለሳል። ባንኩ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጠው እንደሆነ ይጠይቅ። የማታ መርሐ ግብር ካለና አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ዝውውር ካገኘ ደግሞ ሁለቱንም ይይዛል፣ እኔ መጀመሪያ የምሞክረው ይሄን ነው።

ማመልከቻውን ግን አሁኑኑ ያስገባ፣ በእሱ አያዘግዩት። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ደግሞ ኮሌጁ የተቀበለበትን ወረቀት በእጁ ሳይዝ፣ ከእርስዎም ጋር የስድስት ወር ኪራይ የሚሆን ሳያስቀምጥ እንዳያስገባ ቃል ያስገቡት።